በእጅ የተሞላ ጥይትና የፋብሪካ ጥይት ለአደን፦ ዳሰሳ ከራያ ቆላ

ጥይት ከአራት ነገሮች ይገጣጠማል፤ ከቀልሃው፣ ከቀልሃው ሥር ከምትቀመጠው ካፕሱል፣ ከባሩዱና ከአረሩ። ቃታ ሲሳብ መርፌው ካፕሱሏን ይመታል፤ ከእሷ የሚወጣው እሳት ባሩዱን ያቀጣጥላል፤ የባሩዱ ጋዝ አረሩን በአፈሙዙ በኩል አስፈንጥሮ ይልከዋል። ሦስቱ እዚያው ያልቃሉ፣ የሚተርፈው ቀልሃው ብቻ ነው። ከአራቱም ብዙ ብረትና ብዙ ሥራ የሚፈጀው እሱ ስለሆነ፣ ሳይበላሽ የተረፈውን ቀልሃ መልሶ መሙላት ጥይት ከተፈለሰፈበት ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል።

የተተኮሰው ቀልሃ በመጀመሪያ ይጸዳል። በግፊት የሰፋው አካሉ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ የሞተችው ካፕሱል ተገፍታ ትወጣና አዲስ ትተካለች። ከዚያ ባሩዱ በትንሽ ሚዛን ተመዝኖ ይገባል፣ በመጨረሻም አረሩ በቀልሃው አንገት ላይ ተጭኖ ይቀመጣል። ጥሩ የናስ ቀልሃ አንገቱ እስኪሰነጠቅ ወይም የካፕሱሏ ጉድጓድ እስኪላላ ድረስ ደጋግሞ ይሞላል። ከሥራው ሁሉ አደገኛው ባሩድ መመዘኑ ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው የባሩድ አምራቾች ፈትነው ባሳተሙት ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በስካንዲኔቪያ አገሮች ይህ የተለመደና በሕግ የተፈቀደ ሥራ ነው። ብዙ የሚተኩስ ሰው ወጪ ይቀንስበታል፤ ሌላው ለራሱ ጠመንጃ የተስማማ ልክ እየፈለገ የአነጣጠሩን ጥራት ያሻሽልበታል፤ ፋብሪካ የተወው አሮጌ ጠመንጃ ያለው ደግሞ ጥይት የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለውም። ለአዳኝ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ለሚያድነው እንስሳ የሚስማማውን አረር መምረጡ ነው። የፋብሪካው ጥይት የሚመካው በአንድ ወጥነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በቤልጂየሟ ሊዬዥ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የጦር መሣሪያ ፍተሻ ኮሚሽንና በአሜሪካ ከ1926 ጀምሮ የሚሠራው የአምራቾች ማኅበር ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት የመጠንና የግፊት ጣሪያ አውጥተዋል። በዚህ ልክ የተሠራ ጥይት በማንኛውም ጤናማና ልኩ በሆነ ጠመንጃ ያለ ስጋት ይተኮሳል፤ በእጅ የተሞላው ግን ከሞላው ሰው ጥንቃቄ በቀር ዋስ የለውም።

ይህ ክርክር ግን ቀልሃ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር ለየብቻቸው በሱቅ የሚሸጡበትን አገር ታሳቢ ያደርጋል። በራያ ቆላ፣ በቆቦና በአካባቢው፣ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው።

የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ያጥሩታል፤ ከዞብል ወዲያ ምድሩ ወደ አፋር ይወርዳል። ሜዳው የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ማሽላው ሲያሸት አርሶ አደሩ ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ቀን ከዝንጀሮና ከወፍ፣ ሌሊት ከከርከሮና ከጃርት ይጠብቃል። በቁጥቋጦው ውስጥ ቆቅና ጅግራ፣ እንሹም ይገኛሉ። ስለዚህ በዚህ አገር አደን ሲባል ከሥጋ ፍለጋ ይልቅ ሰብል ጥበቃው ያመዝናል፤ ከርከሮን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውምና። ጠመንጃ የክብር ምልክት ሆኖ በኖረበት በራያ፣ ለዚህ ሁሉ የሚያገለግለው ለጦርነት የተሠራው መሣሪያ ነው። የክርክሩ መልክ የተለየበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ዘመናዊ ጥይት በዚህ አካባቢ ያለፈበት ቀን ይታወቃል። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አለፈ። እንግሊዛዊው እግረኛ የታጠቀው ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር፤ ጥይቱም ቀልሃ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር በአንድነት የተያያዙበት፣ ኤድዋርድ ቦክሰር የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን የነደፈው ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ባሩዱንና አረሩን በየተኩሱ በአፈሙዝ እየጠቀጠቁ ሲገጥሙት ልዩነቱ በሰዓታት ውስጥ ታየ። አንዱ ወገን ጥይቱን በፋብሪካ አስሞልቶ መጥቷል፤ ሌላው እዚያው በጦር ሜዳ በእጁ ይሞላል።

ቦክሰር ጥይቱን በነደፈበት በ1866 እ.ኤ.አ. አካባቢ አሜሪካዊው ሂራም በርዳን ሌላ ስልት አወጣ። በቦክሰር ስልት ካፕሱሏ የምትመታበት ትንሽ ብረት ከራሷ ከካፕሱሏ ጋር ስለምትሠራ፣ በቀልሃው ሥር መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይኖራል፤ የሞተችውን ካፕሱል በቀጭን ዘንግ ከውስጥ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። በበርዳን ስልት ያች ብረት የቀልሃው አካል ናት፤ ቀዳዳዎቹም ሁለት ሆነው ከመሐል ገለል ይላሉ። ዘንጉ የሚገባበት ስለሌለ ካፕሱሏን ማውጣት አድካሚ ነው፤ ተተኪዋንም ማግኘት ከባድ ነው። ዛሬ በእጅ የሚሞሉት በአብዛኛው የቦክሰር ቀልሃዎች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ የእጅ ሙሌት ዘመን የሚባል ካለ የውጅግራ ዘመን ነው። ይህ የፈረንሳይ ጠመንጃ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ፣ ባሩዱም ከ5 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ነበር። ፈረንሳይ ለበን ወደተባለው አዲስ ጠመንጃ ስትሻገር የተረፋት ውጅግራ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በዓድዋም ከዋናዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ሆነ። ከእሱ በፊት ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1887 እ.ኤ.አ. ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣቸው ወደ 2,000 የሚጠጉ አሮጌ ጠመንጃዎች ገና በአፈሙዝ የሚጎርሱ ባለ ካፕሱል መሣሪያዎች ነበሩ። የውጅግራ ጥይት በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው የመገበያያ ገንዘብ እስከ መሆን ደርሷል። ባዶ ቀልሃውም አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ እንደገና ይሞላል።

ያን ጊዜ ይህ የተቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው። የውጅግራ ቀልሃ ወፍራም ናስ ነው፤ አረሩ ንጹሕ እርሳስ ስለሆነ እሳት ላይ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል። ባሩዱም አገር ውስጥ ይቀመማል፤ ድኙ ከአፋር በረሃ ይመጣል፣ ከሰሉ በየመንደሩ አለ። ሁሉ በእጅ ቢገኝም በውጭ አገር መግዛት ግድ የነበረው ካፕሱሏን ነው፤ እሷ ስትጠፋ ሥራው ሁሉ ይቆም ነበር። ዋናው ነገር ግን ጥቁር ባሩድ ስሕተትን የሚችል መሆኑ ነው። ቀልሃው እስከ አፉ ቢሞላ እንኳ ግፊቱ ጠመንጃው ከተሠራበት ልክ ብዙም አያልፍም፤ ጥይት የሚሞላው ሰው፣ ሞይው፣ ሚዛን ባይኖረው ቀልሃውን ራሱን መስፈሪያ ያደርገዋል። የሞላው ጥይት ቢከሽፍ ወይም ቢያጥር እንጂ ጠመንጃ የማፈንዳቱ ነገር ጥቂት ነበር።

ይህን ዘመን የዘጋው የፈረንሳዩ ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ጢስ አልባ ባሩድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለበን በዚሁ ባሩድ ተሠራ፤ ምንሽር፣ ሞዘርና ሌሎቹ ተከተሉት። ጢስ አልባ ባሩድ በትንሽ መጠን እጅግ ብዙ ግፊት ይሰጣል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው፤ በዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ባሩዶች የሚቃጠሉበት ፍጥነት ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። በውጅግራ ልማድ ቀልሃውን ሞልቶ የሚዘጋ ሰው ጠመንጃውን ከፊቱ ላይ ያፈነዳዋል። አባት ለልጅ ሊያወርሰው የሚችለው የመሙላት ዕውቀት እዚህ ላይ ተቆረጠ። አንዳንድ ጊዜ የእጅ ሙሌት የጠፋው ሰው ስለሰነፈ ወይም ክላሽ ስለበዛ እንደሆነ ይነገራል፤ እውነቱ ግን ባሩዱ በመለወጡ የሚዛን፣ የሰንጠረዥና የኬሚስት ሥራ መሆኑ ነው።

የመሣሪያው ዓይነት መብዛቱ ያመጣውን ጉዳት የማይጨው ጦርነት በግልጽ አሳይቷል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት ክቡር ዘበኛ 7.92 ሚሊ ሜትር የሚተኩሰውን ቤልጅግ ሲይዝ፣ የየመኳንንቱ ሰው ደግሞ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽርና ሌላም ይዞ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። የመንግሥታቱ የጦር መሣሪያ ማዕቀብም አቅርቦቱን አጥብቆት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በራያም ሆነ በሌላው አውራጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የቀሩት ብዙ ጠመንጃዎች የተሰቀሉት ተበላሽተው ሳይሆን ጥይታቸው ጠፍቶ ነው። ሌላ አገር ቢሆን የእጅ ሙሌት ነፍስ የሚዘራባቸው እነዚህ ነበሩ።

ከነጻነት በኋላ በቼኮዝሎቫክያ እርዳታ አዲስ አበባ ላይ የጥይት ፋብሪካ ተተከለ፤ በደርግ ዘመን ደግሞ በሰሜን ኮርያ ድጋፍ አምቦ አጠገብ የሆሚቾ ፋብሪካ ተሠራ። ሁለቱም የቆሙት ለሠራዊቱ ነው። በኢትዮጵያ «የፋብሪካ ጥይት» ሲባል ሰው ወደ አእምሮው የሚያመጣው የጦር ሠራዊት ጥይት የሆነው በዚህ ነው፤ የአደን ጥይት የሚባል የፋብሪካ ምርት ለአብዛኛው ሰው እንግዳ ነገር ነው።

ዛሬ በቆላው በብዛት የሚገኘው የክላሽ ጥይት፣ 7.62 በ39 የሚባለው ነው። አረሩ 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይበርራል። ቀልሃው በአብዛኛው ናስ ሳይሆን በቀለም ወይም በመዳብ የተለበሰ ብረት ነው፤ ካፕሱሉም የበርዳን ነው። ብረት እንደ ናስ አይለጠጥም፤ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ወደ ልኩ ሲመለስ ይሰነጠቃል፣ ልባሱ ሲፋቅም ይዝጋል። አንዴ ተተኩሶ እንዲጣል ታስቦ የተሠራ ነው። በሜዳው ላይ የሚታየው የቀልሃ ክምር ለሞይ ዋጋ የለውም ማለት ነው። በእጅና በፋብሪካ ጥይት መካከል ያለው ምርጫ በራያ ቆላ በተግባር የተዘጋው ከሕጉም በፊት በዚህ ብረት ነው።

አዳኙን ከሁሉ በላይ ሊያሳስበው የሚገባው ግን አረሩ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. የሄግ ስምምነት መንግሥታት በሰው አካል ውስጥ የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይጠቀሙ አገደ። ስለዚህ የጦር ጥይት እርሳሱና የብረት እምብርቱ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ፣ ሲመታ ቅርጹን የማይለውጥ ነው። በአደን ዓለም ደንቡ ተቃራኒው ነው፤ ብዙ አገሮች ለትልልቅ እንስሳት ጫፉ ለስላሳ የሆነና ሲመታ የሚሰፋ አረር ብቻ ይፈቅዳሉ፤ እንስሳው ቶሎ እንዲወድቅ። የክላሽ ዋነኛው የሶቭየት አረር በሥጋ ውስጥ ወደ 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከሄደ በኋላ ነው መገልበጥ የሚጀምረው። የእንሹ ገላ ቀርቶ የከርከሮ ጎን እንኳ ከዚህ ይቀጥናል። አረሩ ገና ሳይገለበጥ ጠባብ ቀዳዳ ሠርቶ በሌላው ወገን ይወጣል። እንስሳው ቆስሎ ወደ ቁጥቋጦ ይገባል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይሞታል፤ ካልሞተም የቆሰለ ከርከሮ ለሚከታተለው ሰው አደጋ ነው።

ወጥቶ የሚሄደው አረር ሌላ ጣጣ አለው። የክላሽ አረር ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የቆቦ ሜዳ ደግሞ መንደር ከመንደር የተያያዘበት፣ እረኛና ውኃ ቀጂ የማይጠፋበት ነው። የሚሰፋ አረር ጉልበቱን እንስሳው ውስጥ ስለሚጨርስ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። በየቦታው የሚሞከረው መፍትሔ፣ የጦር አረርን ጫፍ በሞረድ መሞረድ፣ ከበሽታው የባሰ ነው። የብዙ ጦር አረር ቅርፊት ከኋላው ክፍት ነው፤ ከፊት ከተሞረደ ግፊቱ እምብርቱን ብቻ አውጥቶ ቅርፊቱን አፈሙዙ ውስጥ ሊተወው ይችላል። ቀጣዩ ተኩስ አፈሙዙን ይቀደዋል። ይህን ፈጽሞ ማድረግ አይገባም።

የቆላው ሙቀትም በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አለው። ባሩድ በሞቀ ቁጥር በፍጥነት ይቃጠላል፣ ግፊቱም ይጨምራል። እንግሊዛዊው የጥይት አምራች ካይኖክ ወደ ሕንድና ወደ አፍሪካ ለሚሄዱ ትልልቅ የአደን ጥይቶች ባሩዱን ቀንሶ «የሐሩር አገር» ጥይት ብሎ ይሸጥ የነበረው ለዚህ ነው። በደጋ ቅዝቃዜ ተፈትኖ እስከ ጣሪያው የተሞላ ጥይት ቆቦ ላይ በግንቦት ቀትር ከጣሪያው ያልፋል፤ በእጅ የሚሞላ ሰው ይህን ልዩነት ካላሰበበት አደጋ ላይ ነው። አቀማመጡም እንዲሁ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለዓመታት የተቀመጠ ባሩድ እያረጀ ጉልበቱ ይዛባል። የአሮጌ ጦር ጥይት ካፕሱል ደግሞ ከተተኮሰ በኋላ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ አፈሙዙም ይዝጋል። ዘይት ብቻ ጨውን አያነሣውም፤ መጀመሪያ በውኃ መታጠብ፣ ከዚያ ደርቆ መቀባት አለበት።

ስለ አነጣጠር ጥራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የእጅ ሞይዎች የሚኮሩበት ትልቁ ጥቅም ይኸው ቢሆንም፣ በቁጥቋጦ አገር አብዛኛው ተኩስ ከ100 ሜትር አያልፍም። ጥሩ የፋብሪካ የአደን ጥይት በዚያ ርቀት አረሮቹን በ5 ሳንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ያሳርፋል፤ የከርከሮ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ልዩነቱ በ300 ሜትር ዒላማ ላይ ይታያል፤ በማሽላ ዳር አይታይም።

ሕጉ ሁለት በኩል አለው። አንደኛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ጥይትን ከጦር መሣሪያ ጋር በአንድ የፈቃድ ሥርዓት ውስጥ አስገብቶ ያለ ፈቃድ ማምረትና መነገድን ይከለክላል። ቤት ውስጥ ጥይት መሙላት ከዚህ ውጭ የሚታይ የግል ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። ሁለተኛው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው፤ ያለ ፈቃድ ማደንን ያግዳል። በፌዴራል ደረጃ ሥራውን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሰብሉ የተበላበት አርሶ አደር የሚያቀርበው አቤቱታም በፈቃድ ሰጪው አካል በኩል ካልሆነ በገዛ ጠመንጃው የሚፈታ አይደለም።

በእነዚህ አዋጆች መሠረት ሕጋዊ ሆነው የሚያድኑት በአብዛኛው ለደጋ አጋዘን ወደ ባሌና አርሲ፣ ለቆላ እንስሳት ወደ አፋርና ወደ ደቡብ የሚሄዱ የውጭ አገር አዳኞች ናቸው። በአገራቸው በእጅ የሚሞሉ ቢሆኑም ወደዚህ ሲመጡ ብዙዎቹ የፋብሪካ ጥይት ይዘው ይመጣሉ። አየር መንገዶች ለአንድ መንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም በላይ ጥይት አይጭኑም፤ ብዙዎቹም በአምራቹ ማሸጊያ ካልታሸገ አይቀበሉም። ሻንጣው ቢጠፋስ? በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እስከ ዛሬ በአፍሪካ አዳኞች ዘንድ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ጥይቱ በብዙ አገሮች መገኘቱ ነው። በእጅ የተሞላ ልዩ ጥይት በጠፋበት አገር አይተካም።

ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በቆቦ አካባቢ ዳግም የተቀሰቀሰው ጦርነትና ከእሱ በፊት የነበረው በሜዳው ላይ ብዙ ጥይት ጥለዋል። ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ጥይት ቢተኮስ ሊከሽፍ፣ አረሩ አፈሙዝ መሐል ሊቆም ይችላል፤ ከአጠገቡ ያልፈነዳ ከባድ መሣሪያ ሊኖር ስለሚችል ለመልቀም መጎንበስም ሕይወት ያስከፍላል። ልጆች ቀልሃ እንዳይለቅሙ መከልከል፣ ያገኙትንም ሳይነኩ ለሚመለከተው እንዲያሳውቁ ማስተማር የወላጅና የትምህርት ቤት ሥራ ነው።

በጠቅላላው ሲታይ የእጅ ሙሌት አካላቱ በሱቅ የሚገኙበት፣ የተፈተነ ሰንጠረዥ የታተመበትና ሕጉ የሚፈቅድበት አገር ሙያ ነው፤ እዚያ ከፋብሪካው የተሻለ ጥይት ሊሠራበት ይችላል። በራያ ቆላ ሦስቱም ስለሌሉ የሚመረጠው የፋብሪካ ጥይት ነው፤ ግን ለጦርነት የተሠራው ሳይሆን ለአደን የተሠራው። ፈቃድ ሰጪው አካል ሰብል አጥፊ እንስሳ እንዲገደል ሲፈቅድ፣ በወረቀቱ ላይ የእንስሳውን ዓይነትና ቁጥር ብቻ ሳይሆን አረሩ የሚሰፋ መሆን እንዳለበትም ቢጽፍ፣ ጥይቱንም በቁጥር አስረክቦ ቀልሃውን በቁጥር ቢረከብ፣ እንስሳው ሳይሠቃይ ይሞታል፣ ጎረቤቱም ከባዘነ አረር ይድናል።